ከማይታወቅ ምንጭ የመጣ ዳታ የሚተነትን ላይብረሪ በአንድ ትንሽ ፋይል እንዳይወድቅ የሚደረግ ጥንቃቄ

አንድ ላይብረሪ ኤክስኤምኤል፣ ጄሰን፣ ያምል፣ ምስል ወይም የተጨመቀ ፋይል ተቀብሎ የሚተነትን ከሆነ፣ የሚተነትነውን ዳታ ማን እንደጻፈው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ዛሬ ፕሮግራመሩ በራሱ እጅ የጻፈውን የማዋቀሪያ ፋይል ያነብበታል፤ ነገ ደግሞ ያው ኮድ ማንም ሰው ከኢንተርኔት ለሚልከው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሰርቨር ውስጥ ይገባል። አገልግሎት የማስተጓጎል ጥቃት ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ የሚልኩትን የጥያቄ ጎርፍ ነው። በፓርሰር (ዳታን በሚተነትን ኮድ) ላይ የሚሰነዘረው ጥቃት ግን ጎርፍ አያስፈልገውም፤ አጥቂው ጥቂት ኪሎባይት የሆነች አንዲት ፋይል ልኮ ሲፒዩው ለደቂቃዎች እንዲያዝ፣ ሜሞሪው እንዲያልቅ ወይም ፕሮግራሙ ጨርሶ እንዲዘጋ ማድረግ ይችላል። ይህ መመሪያ እንዲህ ያለ ላይብረሪ ለሚጽፉና ለሚጠግኑ፣ እንዲሁም ላይብረሪውን በራሳቸው አገልግሎት ውስጥ ለሚጠቀሙ ሰዎች የተዘጋጀ ነው።

ክፍተት የሚባለውና የማይባለው

ፓርሰሩ ዘገየ የሚል ሪፖርት ሁሉ የደህንነት ክፍተት አይደለም። አንድ ጊጋባይት የሚመዝን ፋይል ለመተንተን ብዙ ሰከንድ ቢፈጅ ላይብረሪው ሥራውን እየሠራ ነው፤ ላይብረሪውን የሚጠራው ፕሮግራም የሚቀበለውን ፋይል በ1 ሜጋባይት ቢገድብ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። ክፍተት የሚሆነው የሚወጣው ጊዜ ወይም ሜሞሪ ከገባው ባይት ጋር ሳይመጣጠን ሲቀር ነው። 100 ኪሎባይት የማይሞላ ግብዓት ሲፒዩውን ለአሥር ደቂቃ የሚይዝ ከሆነ በባይት የሚጣል ገደብ ጥቃቱን አያስቆምም፤ ምክንያቱም ሕጋዊ ተጠቃሚዎችም ከዚያ የሚበልጥ ፋይል ይልካሉ። ስለዚህ «መጠኑን ተጠቃሚው ይገድብ» የሚለው የተለመደ የላይብረሪ ባለቤቶች መልስ ለመጀመሪያው ዓይነት ትክክል ቢሆንም፣ ለሁለተኛው ግን ኃላፊነትን ማሸሽ ነው፤ አለመመጣጠኑን የሚፈጥረውም ሊያርመው የሚችለውም የላይብረሪው ኮድ ነውና።

ሪፖርት ሲደርስዎ ቀጥሎ የሚጠየቀው ጥያቄ ግብዓቱን በእርግጥ የሚቆጣጠረው ማን ነው የሚለው ነው። ችግሩ የሚፈጠረው ፕሮግራመሩ ራሱ በኮዱ ውስጥ የሚጽፈው ቅንብር ሲበላሽ ብቻ ከሆነ እንደ ተራ ስህተት መዝግቦ ማረም ይበቃል። በሌላ በኩል ፕሮግራሙን በቀጥታ የሚያወድቅ ግብዓት ካለ የመመጣጠኑን ጥያቄ ማንሳት አያስፈልግም፤ አንዲት አጭር መልእክት የብዙ ሰዎችን ግንኙነት የያዘ ሰርቨር የምታዘጋ ከሆነ ያለጥርጥር ክፍተት ነው።

ግብዓቱን በእጥፍ እያሳደጉ መለካት

ከሁሉ በፊት ዳታ ወደ ላይብረሪው የሚገባባቸውን መንገዶች በሙሉ ይዘርዝሩ። የፋይሉ ዋና አካል ብቻ ሳይሆን ቁጥሮች፣ ቀኖች፣ አስተያየቶች፣ የርዕስ መስኮችና ባዶ ቦታዎች ጭምር ለየብቻ ይታዩ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ስህተት ሲገኝ መልእክት የሚያዘጋጀው የኮድ ክፍል ነው። ስህተቱ በስንተኛው መስመር ላይ እንደሆነ ለመናገር ሲል በእያንዳንዱ ስህተት ከፋይሉ መጀመሪያ ጀምሮ መስመሮችን እንደገና የሚቆጥር ፓርሰር፣ በትክክለኛ ፋይል ላይ ፈጣን ሆኖ ሳለ በስህተት በተሞላ ፋይል ላይ ይንፏቀቃል።

ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ ለእያንዳንዱ መንገድ አንድን ነገር ብቻ ደጋግሞ የያዘ ግብዓት ይሥሩ፦ ያልተዘጉ ቅንፎች፣ ያልተዘጋ ጥቅስ ምልክት፣ እጅግ ብዙ አሃዞች ያሉት አንድ ቁጥር፣ ተከታታይ ባዶ ቦታዎች፣ በአንድ መለያ ሥር የታጨቁ ብዙ ባሕርያት። ከዚያ መጠኑን በእጥፍ እያሳደጉ የሚፈጀውን ጊዜ ይለኩ። ለምሳሌ 10,000 ባይት 0.02 ሰከንድ፣ 20,000 ባይት 0.04 ሰከንድ፣ 40,000 ባይት 0.08 ሰከንድ ቢወስድ ወጪው ከግብዓቱ ጋር እኩል እያደገ ስለሆነ ችግር የለም። ጊዜው ግን 0.02፣ 0.08፣ 0.32 እያለ ቢሄድ ግብዓቱ እጥፍ ሲሆን ወጪው አራት እጥፍ እየሆነ ነው፤ ይህ በካሬ የሚያድግ ወጪ ነው። በዚሁ አካሄድ 10 ሜጋባይት ላይ ሲደረስ ጊዜው ወደ 20,000 ሰከንድ ይጠጋል፤ ይህም ከአምስት ሰዓት ተኩል በላይ ነው። ስለዚህ በትንሽ ግብዓት ላይ የታየው ሰዓት ማነሱ ሊያዘናጋ አይገባም፤ መታየት ያለበት የአስተዳደጉ ፍጥነት ነው። በተመሳሳይ መንገድ ፕሮግራሙ የደረሰበትን ከፍተኛ የሜሞሪ መጠንም ይመዝግቡ።

ይኸው ግብዓት በአንድ ጊዜ ሲሰጥና በትንንሽ ቁራጭ ሲሰጥ የሚኖረውን ልዩነት መለካትም ያስፈልጋል። ኤክስፓት የተባለው የታወቀ የኤክስኤምኤል ፓርሰር በዚህ በኩል ተጋላጭ ሆኖ ቆይቷል። አንድ በጣም ረጅም ቃል በትንንሽ ቁራጭ ሲደርሰው፣ አዲስ ቁራጭ በመጣ ቁጥር ያላለቀውን ቃል ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ይተነትነው ስለነበር ወጪው በካሬ ያድግ ነበር። በ2024 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በወጣው እትም 2.6.0 የተደረገው ጥገና፣ የተጠራቀመው ዳታ በበቂ መጠን እስኪያድግ ድረስ ዳግም ትንተናውን ማዘግየት ነው። ፋይሉን ሙሉ በሙሉ አንብቦ ብቻ የሚፈትሽ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ፈጽሞ አያገኘውም።

በካሬ የሚያድግ ወጪ ከተገኘ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂቶቹ አንዱ ነው። ወይ በሉፕ (ተደጋግሞ በሚሠራ የኮድ ክፍል) ውስጥ ጽሑፍ በጽሑፍ ላይ እየተቀጠለ በየዙሩ ሙሉው ይገለበጣል፤ ወይ ከዝርዝር መጀመሪያ ላይ አንድ አንድ ነገር እየተነሳ የቀረው ሁሉ ይገፋል፤ ወይ ለእያንዳንዱ መክፈቻ ምልክት መዝጊያውን ፍለጋ እስከ ፋይሉ መጨረሻ ይኬዳል። ቁጥርን ከጽሑፍ ወደ ኢንቲጀር መለወጥም እዚሁ ይመደባል፤ ፓይተን በ2022 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዲፎልት (ተጠቃሚው ካልቀየረው በሚሠራው ቅንብር) ከ4,300 አሃዝ በላይ የሆነን ጽሑፍ ወደ ኢንቲጀር ለመለወጥ እምቢ እንዲል የተደረገው ለዚህ ነው።

ሀሽ ቴብልም (ዳታን በቁልፉ መሠረት በሣጥኖች አከፋፍሎ ፍለጋን የሚያፋጥን አደረጃጀት) ከዚሁ ወገን ነው። አጥቂው በአንድ ሣጥን ውስጥ የሚወድቁ ቁልፎችን መርጦ ከላከ፣ ፈጣን የነበረው ፍለጋ ረጅም ዝርዝር ወደ መቃኘት ይለወጣል። ክሮስቢና ዋላክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2003 ያሳዩት ይህ ድክመት በ2011 መጨረሻ በብዙ የድረ ገጽ ፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ላይ መሥራቱ ከታወቀ በኋላ፣ ቋንቋዎቹ በየጊዜው በሚለዋወጥ የምስጢር ዘር የሚሠሩ ሀሾችን መጠቀም ጀመሩ። የራስዎን ሀሽ ቴብል ካልጻፉ በቀር ይህ ዛሬ ብዙም አያሳስብም።

ጥቂት ባይት ወደ ጊጋባይት ሲለወጥ

ሁለተኛው ትልቅ ቤተሰብ ግብዓቱ ራሱ በሕጉ መሠረት እየሰፋ የሚሄድበት ነው። ቢሊዮን ላፍስ በመባል የሚታወቀው የኤክስኤምኤል ጥቃት ከሁሉ ይበልጥ ገላጭ ነው። ፋይሉ በመጀመሪያ ሦስት ፊደል የያዘ አንድ ስያሜ ይሰጣል፤ ቀጥሎ ያንን ስያሜ አሥር ጊዜ የሚጠራ ሌላ ስያሜ፣ እሱን አሥር ጊዜ የሚጠራ ሦስተኛ ስያሜ እያለ ይቀጥላል። ዘጠኝ ጊዜ እንዲህ ከተደረገ አንድ ኪሎባይት የማይሞላው ፋይል ሲዘረጋ አንድ ቢሊዮን ጊዜ የተደጋገመ ቃል፣ ማለትም 3 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። ያምልም መልሕቅና መጠሪያ የሚባሉ ተመሳሳይ መሣሪያዎች ስላሉት ለዚሁ ይጋለጣል፤ በ2019 ኩበርኔቲስ የተባለው ብዙ ሰርቨሮችን የሚያስተዳድር ሥርዓት ኤፒአይ ሰርቨር በዚህ መንገድ ሊወድቅ እንደሚችል ታውቆ ተጠግኗል።

ብዙ ጠጋኞች እዚህ ላይ የሚያደርጉት የመጀመሪያ ሙከራ የጥሪውን ጥልቀት መገደብ ነው። በቂ አይደለም። 50,000 ፊደል የያዘ አንድ ስያሜ ብቻ ሰጥቶ እሱኑ በቀጥታ 50,000 ጊዜ የሚጠራ ፋይል ጥልቀቱ አንድ ነው፤ መጠኑም ወደ 200 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ሲዘረጋ ግን 2.5 ጊጋባይት ይሆናል። ስለዚህ መቆጠር ያለበት የወጣው ጠቅላላ ባይት ከገባው ጋር ያለው ጥምርታ ነው። ኤክስፓት በ2021 በእትም 2.4.0 የያዘው መንገድ ይህ ነው፤ ውጤቱ 8 ሜጋባይት ገደማ እስኪደርስ ድረስ በነፃነት ይለቅቃል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ውጤቱ ከግብዓቱ መቶ እጥፍ ካለፈ ትንተናውን ያቆማል። ትንንሽ ፋይሎችን ያለአግባብ ሳይከለክል ጥቃቱን የሚያስቆም በመሆኑ ሊኮረጅ የሚገባው ንድፍ ነው።

በተጨመቁ ፋይሎችም ነገሩ ያው ነው። ዚፕ በብዛት የሚጠቀምበት ዲፍሌት የተባለው ዘዴ በአንድ ዙር ቢበዛ ከአንድ ሺህ እጥፍ ትንሽ በለጥ አድርጎ ይዘረጋል፤ ይሁን እንጂ ዴቪድ ፊፊልድ በ2019 የፋይሎቹን ይዘት እርስ በርስ በማደራረብ 42 ኪሎባይት የሆነ ዚፕ በአንድ ዙር ብቻ ወደ 5.5 ጊጋባይት እንዲዘረጋ አድርጎ አሳይቷል። ከዚህ የሚወሰደው ተግባራዊ ምክር በፋይሉ ራስጌ ላይ የተጻፈውን «ስዘረጋ ይህን ያህል ነኝ» የሚል ቁጥር አለማመን ነው፤ ያንን ቁጥር የጻፈው አጥቂው ነው። እየዘረጉ ይቁጠሩ፤ ገደቡ ሲሞላ ያቁሙ። ለምስልም እንዲሁ፣ ስፋትና ቁመቱ 50,000 በ50,000 ነው የሚል ራስጌ ያለው ትንሽ ፋይል በአንድ ፒክስል አራት ባይት ቢታሰብ 10 ጊጋባይት ሜሞሪ ስለሚጠይቅ፣ ቦታ ከመያዙ በፊት የፒክስሉ ብዛት ይመርመር።

በሬጌክስ የሚመጣው ችግር

ብዙ ላይብረሪዎች ዋናውን ትንተና በጥንቃቄ ጽፈው ሳለ ኢሜይል አድራሻን ወይም የቀን ቅርጽን ለማጣራት አንዲት መስመር ሬጌክስ (የሚፈለገውን የጽሑፍ ቅርጽ የሚገልጽ አጭር ቀመር) ይጨምራሉ፤ በሩም የሚከፈተው እዚያ ላይ ነው። በአብዛኞቹ ቋንቋዎች የሚገኘው የሬጌክስ ሞተር አንድ መንገድ ሳይሳካለት ሲቀር ወደኋላ ተመልሶ ሌላውን የሚሞክር ነው። (ሀ+)+$ የሚለውን ሬጌክስ እንውሰድ፤ ትርጉሙ አንድ ወይም ከዚያ በላይ «ሀ» የያዘ ቡድን አንድ ወይም ከዚያ በላይ ጊዜ ተደጋግሞ ጽሑፉ ያብቃ ማለት ነው። ሠላሳ «ሀ» ብቻ ያለው ጽሑፍ ሲሰጠው ወዲያው ይስማማል። ከሠላሳው «ሀ» በኋላ አንዲት «ለ» ብትጨመር ግን ጽሑፉ እንደማይስማማ ከመወሰኑ በፊት ሠላሳውን «ሀ» በቡድን ለመከፋፈል ያሉትን መንገዶች ሁሉ ይሞክራል፤ ሠላሳውንም የሚሸፍኑት መንገዶች ብቻ 536,870,912 ናቸው። አንድ «ሀ» በተጨመረ ቁጥር ይህ በእጥፍ ያድጋል።

እንዲህ ያለው በድግግሞሽ ውስጥ ያለ ድግግሞሽ በዓይን ሊታይ ይችላል። ይበልጥ የሚያስቸግረው ንጹሕ መስሎ በካሬ የሚያድገው ነው። በሐምሌ 2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስታክ ኦቨርፍሎው የተባለው የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ ለ34 ደቂቃ የተቋረጠው ከመስመር ዳር ባዶ ቦታ ለመቁረጥ በተጻፈ ተራ ሬጌክስ ነበር፤ 20,000 ያህል ተከታታይ ባዶ ቦታ የያዘ አንድ ጽሑፍ ሲገጥመው ከእያንዳንዱ ባዶ ቦታ እየተነሳ እስከ መጨረሻው ስለሚሄድ ወደ 200 ሚሊዮን የሚጠጋ ፍተሻ ያደርግ ነበር። በሐምሌ 2019 ክላውድፍሌር የተባለው ድረ ገጾችን የሚጠብቅ ኩባንያ ለ27 ደቂቃ የተስተጓጎለውም በፋየርዎል ሕግ ውስጥ በገባ አንድ ሬጌክስ ምክንያት ነው፤ ያኔ ጥቃት የሰነዘረ ሰው እንኳ አልነበረም።

መፍትሔው ቢቻል ሬጌክሱን ትቶ በተራ ሉፕ መጻፍ ነው፤ ባዶ ቦታ ለመቁረጥ ከኋላ ተነስቶ መቁጠር ይበቃል። ሬጌክስ የግድ ከሆነ ጊዜው ከግብዓቱ ጋር እኩል ብቻ እንደሚያድግ የሚያረጋግጡ ሞተሮችን ይጠቀሙ፤ የጉግል አርኢ2፣ የጎ ቋንቋ መደበኛ ሬጌክስና የረስት ሬጌክስ ላይብረሪ እንዲህ ያሉ ናቸው። ሬጌክሱን እያስተካከሉ ጥቂት ፊደል በመቀየር ማዳን ይቻላል የሚለው አካሄድ ብዙም አያስተማምንም፤ ቀጣዩ ጠጋኝ ያንን ጥንቃቄ አውቆ አይጠብቀውም።

ጥልቀት፣ የተጻፈ ርዝመትና የማያልቅ ሉፕ

ራሱን በራሱ እየጠራ የሚተነትን ፈንክሽን በእያንዳንዱ ጥልቀት ከስታኩ (የፈንክሽን ጥሪዎች ከሚያዙበት ውስን ሜሞሪ) ላይ ቦታ ይወስዳል። በሊኑክስ የዋናው ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ የሚሄደው ዋና የሥራ መስመር) ስታክ በተለመደው ቅንብር 8 ሜጋባይት ነው። 100,000 መክፈቻ ቅንፍ ብቻ የያዘ የጄሰን ፋይል 100 ኪሎባይት ነው፤ ለእያንዳንዱ ጥልቀት የሚደርሰው የስታክ ድርሻ ግን 84 ባይት ያህል ብቻ ስለሆነ ማንኛውም ደህና የሚባል ፈንክሽን ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ፕሮግራሙም ይወድቃል። በሲ፣ በረስትም ሆነ በጎ የስታክ መሙላት እንደ ተራ ስህተት ተይዞ የሚታለፍ አይደለም፤ ሂደቱ በሙሉ ይሞታል። ለዚህ የሚደረገው ቀላል ነው፤ ጥልቀቱን የሚቆጥር ቁጥር ይያዝ፣ ገደቡ ሲያልፍ ስህተት ይመለስ። ነገር ግን ፓርሰሩ በሉፕ ተጽፎ ሳለ የተሠራውን ዛፍ ከሜሞሪ የሚያጠፋው፣ የሚገለብጠው ወይም የሚያትመው ኮድ አሁንም ራሱን የሚጠራ ሊሆን ስለሚችል እሱም ይፈተሽ።

በባይናሪ ቅርጾች ውስጥ ደግሞ ከዳታው በፊት ርዝመቱ ይጻፋል። አራት ባይት የሆነ የርዝመት መስክ እስከ 4 ጊጋባይት ሊል ይችላል፤ ይህን አምኖ አስቀድሞ ሜሞሪ የሚይዝ ኮድ በጥቂት ባይት መልእክት ይወድቃል። በቀረው ግብዓት ውስጥ ያን ያህል ባይት መኖሩን ያረጋግጡ፤ ዳታው እየፈሰሰ የሚመጣ ከሆነ በተመጠነ ቁራጭ እያነበቡ ብቻ ያሳድጉ። ርዝመቱ ዜሮ ሲሆንም ጥንቃቄ ያሻል፤ ጠቋሚው ወደፊት ሳይሄድ ሉፑ ባለበት ይሽከረከራልና። እያንዳንዱ የሉፕ ዙር ቢያንስ አንድ ባይት ማለፍ አለበት የሚለው ሕግ ብዙ እንዲህ ያሉ ስህተቶችን ያስቀራል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። በመጋቢት 2022 ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው የኢንክሪፕሽን ላይብረሪ የተጠገነው ክፍተት ሒሳባዊ ነበር፤ ዋና ቁጥር (ከራሱና ከአንድ በቀር ለሌላ ያለ ቀሪ የማይካፈል) መሆን የሚገባው ቁጥር እንዲያ ያልሆነበት ሰርተፍኬት ሲመጣ የካሬ ሥር የሚፈልገው ሉፕ አያቆምም ነበር። ሰርተፍኬቱ የሚተነተነው ፊርማው ከመረጋገጡ በፊት ስለሆነ አጥቂው ትክክለኛ ፊርማ እንኳ አያስፈልገውም።

ገደቡን መምረጥና ማስቀመጥ

ገደብ ሳይጠየቅ በዲፎልት የሚሠራ መሆን አለበት። «ሲያስፈልግ ይክፈቱት» ተብሎ በሰነድ ውስጥ የተጠቀሰ ገደብ ጭራሽ ካለመኖሩ አይሻልም፤ የሚያስፈልገው ሰው ሰነዱን የሚያነብበው ከተጠቃ በኋላ ነው። ቁጥሩን በተመለከተ ሌሎች የመረጡትን ማየት ይረዳል፦ የጃቫው የጄሰን ላይብረሪ ጃክሰን ከእትም 2.15 ጀምሮ ጥልቀትን በ1,000፣ የአንድን ቁጥር ርዝመት ደግሞ በ1,000 ፊደል ይገድባል፤ የጎ ጄሰን ፓርሰር ጥልቀትን በ10,000፣ ፕሮቶባፍ የተባለው የጉግል የባይናሪ ቅርጽ ደግሞ በ100 ያቆማል። ልዩነቱ ሰፊ መሆኑ የሚያሳየው ትክክለኛ የሚባል አንድ ቁጥር እንደሌለ ነው። በእውነተኛ ፋይሎች ላይ ከሚታየው ከፍተኛ መጠን ብዙ እጥፍ የላቀ፣ ነገር ግን በትንሽ ማሽን ላይም ጉዳት የማያደርስ ቁጥር ይምረጡ፤ ተጠቃሚው ከፍ ዝቅ ሊያደርገው ይቻለው። ገደቡ ሲያልፍ የሚመለሰው ስህተት የራሱ ስም ያለው ይሁን፤ የተበላሸ ፋይልና ገደብ ያለፈ ፋይል በአንድ ስም ከተጠሩ ሕጋዊ ትልቅ ፋይል የላከ ተጠቃሚ ችግሩን አያገኘውም።

ፈዚንግ የሚባለው በዘፈቀደ የሚለዋወጥ ግብዓት እየፈጠሩ የመፈተሽ ዘዴም ሊዘነጋ አይገባም፤ ነገር ግን ለአንድ ግብዓት የሚፈቀደው ጊዜና ሜሞሪ በዲፎልት ሰፊ ሊሆን ስለሚችል በጠባብ ገደብ ያስኪዱት። ሊብፈዘር የተባለው የፈዚንግ መሣሪያ በተለመደው ቅንብር አንድን ግብዓት ዘገየ የሚለው 1,200 ሰከንድ ሲያልፍ ነው፤ ለአንድ ፓርሰር ጥቂት ሰከንድ እንኳ ብዙ ነው።

ላይብረሪውን ለሚጠቀም ሰው

የላይብረሪው ባለቤት እስኪጠግን መጠበቅ ለማይችል ሰው ቀዳሚው ነገር የማያስፈልገውን መዝጋት ነው፤ የኤክስኤምኤል ስያሜዎችን የማይጠቀም አገልግሎት ያንን ችሎታ በሙሉ ሊከለክል ይችላል። ቀጥሎ የጊዜ ገደብ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ግን ብዙዎች ይሳሳታሉ። በትሬድ ላይ የተጣለ የጊዜ ገደብ ጠባቂውን ነፃ ያወጣዋል እንጂ በሬጌክስ ውስጥ የተያዘውን ትሬድ አያስቆመውም፤ ሲፒዩውም እየነደደ ይቀጥላል። አስተማማኙ መንገድ ትንተናውን በተለየ ፕሮሰስ ውስጥ ማስኬድ፣ ለዚያ ፕሮሰስ የሜሞሪና የሲፒዩ ጊዜ ገደብ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በኩል መስጠት፣ ገደቡ ሲያልፍም መግደል ነው። ወጪ እንዳለው የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ማንም ሰው ሳይመዘገብ ሊደርስባቸው ለሚችሉ መንገዶች ቅድሚያ ይስጡ።

ጥገናው ሲወጣ

ያለ መግቢያ ፈቃድ ከኔትወርክ በቀላሉ የሚደረስበትና አገልግሎትን ሙሉ በሙሉ የሚያቋርጥ፣ ምስጢርን ግን የማያወጣ ክፍተት የክፍተቶችን ክብደት በነጥብ በሚለካው በሲቪኤስኤስ ሦስተኛ እትም 7.5 ነጥብ ያገኛል፤ ከፍተኛ ከሚባለው መደብ ውስጥ ነው። ክፍተቱ በተግባር ነጥቡ እንደሚለው ሁልጊዜ አስፈሪ ላይሆን ስለሚችል፣ በማስታወቂያው ላይ የትኛው ፈንክሽን ሲጠራ፣ በምን ያህል ግብዓት፣ ምን እንደሚከሰት በግልጽ ይጻፍ፤ አንባቢው እኔን ይመለከተኛል ወይ የሚለውን የሚወስነው በዚህ ነው። አዲስ ገደብ የነበረ ሥራ ሊያቋርጥ ስለሚችል በቆዩት እትሞች ላይ ሲታከል ቁጥሩ ለጋስ ቢሆን ይመረጣል።

ከጥገናው ጋር የሚገባው ፈተና በሰዓት ላይ መመሥረት የለበትም፤ በተጨናነቀ የፈተና ማሽን ላይ አንዳንዴ ያልፋል፣ አንዳንዴ ይወድቃል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላም አንድ ሰው ይሰርዘዋል። ይልቁንም በፓርሰሩ ውስጥ የተነበበውን ባይት ወይም የተያዘውን ሜሞሪ የሚቆጥር ቆጣሪ ያኑሩ፤ ግብዓቱ እጥፍ ሲሆን ቆጣሪው ከሁለት እጥፍ ብዙም እንዳላለፈ የሚያረጋግጥ ፈተና ይጻፉ። ጥቃቱን የሚፈጥረው ግብዓትም እንደ ፋይል ከመቀመጥ ይልቅ በፈተናው ኮድ ውስጥ በጥቂት መስመር የሚፈጠር ቢሆን፣ መጠኑን መቀያየር ቀላል ከመሆኑም በላይ ፋይሉን የሚቃኙ የደህንነት ፕሮግራሞችም ያለምክንያት አይጮኹም።